ደምሴ እና የሐጂ ሱሩር ጓጉንቸር

ባለፈው ሳምንት ዘነበወርቅ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ከፊቴ አንዲት ረዘም ያለች፣ ሃያ ዓመት የሚሆናት ልጅ ከእናቷ ጋር ተሰልፋ ነበር። ወያሎቹ በጮኹ ቁጥር ጆሮዋን በሁለት መዳፏ ትደፍንና በጉሮሮዋ አንድ ዓይነት ዜማ ታንጎራጉራለች። ከኋላዬ ያሉት መሳቅ ጀመሩ፤ አንዱ ጭራሽ ሰልፉን ትቶ ራቅ አለ። እናትየዋ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "አይፍሩ እማማ፣ ምንም አታደርግም" አለችኝ። ልጅቷ አንገት ላይ እንደ መሥሪያ ቤት መታወቂያ የተንጠለጠለ ካርድ አለ። መነጽሬን አውጥቼ አነበብኩት። "ኦቲዝም አለብኝ። ጩኸት ያስጨንቀኛል። እባክዎ ቀስ ብለው ያናግሩኝ፣ እናቴን ይጥሩልኝ" ይላል።

"ካርዱን ለምን አደረግሽላት?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ባለፈው ዓመት ሱቅ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ዕቃ አይታ ይዛው ወጣች። ጥበቃው ሲይዛት ጮኸች፤ ስትጮህ ደግሞ ሌባ ብለው ተሰበሰቡባት። ስርቆት ምን እንደሆነ አታውቅም፣ እማማ፤ ዕቃው አምሯት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለ ካርዱ ከቤት አትወጣም" አለችኝ። ከዚያ ደግሞ እንደዚህ ስላሉ ልጆች ጠባይ፣ የሰው ዓይን ማየት እንደሚከብዳቸው፣ የተባሉትን ሁሉ እንደሚያምኑ፣ አታላይ እንደሚጫወትባቸው እየዘረዘረች ስታወራኝ ተራዬ ደረሰ። ታክሲው ሞልቶ ሄደ፤ እኔ ግን አልተሳፈርኩም። ደምሴ ትዝ ብሎኝ ነበር። ለደምሴ ጠባይ ስም ሳናገኝለት ስንት ዓመት አብረነው እንደኖርን፣ ስሙን ደግሞ አሁን በስተርጅና ሰልፍ ላይ ቆሜ ማግኘቴን እያሰብኩ እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

የዛሬ ልጆች ኮልፌን ሲያዩ ፎቅና የታክሲ ግርግር ብቻ ነው የሚያዩት። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ እኔ ገና ታይፕ ተምሬ ሥራ እንደያዝኩ፣ አሁን አሥራ ስምንት ማዞሪያ የምንለው አካባቢ ባሕር ዛፍና ጭቃ ነበር። ክረምት ላይ ጫማችንን በላስቲክ ጠቅልለን በቦቲ እስከ አስፋልቱ እንወርድና እዚያ እንቀይራለን፤ ቦቲውን አንዲት ጉልት ቸርቻሪ ጋ አስቀምጠን ማታ እንወስደዋለን። ጋሪ በአሥር ሳንቲም ይጭነን ነበር። ሰይቼንቶ ታክሲ የሚገባው ሠርግ ወይም ሕመምተኛ ሲኖር ነው፤ ሲገባ ሰው ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ማን እንደመጣ ያያል። ከአየር ጤና ወዲያ ደግሞ እርሻ ነው፤ የገብስ ማሳ ከመንገዱ ዳር ይጀምራል። እኔ ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ሚኒ ቀሚስ አሰፍቼ እናቴ አንድ ሳምንት አኩርፋኝ ነበር። ጸጉሬን አፍሮ አድርጌ በማበጠሪያ እየቆሰቆስኩ፣ ከቡና ቤቱ የሸክላ ዘፈን እየሰማሁ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ አገሩ ሁሉ ለእኔ የተሠራ ይመስለኝ ነበር። የምሠራው በወረዳው ፍርድ ቤት ነው፤ ክስና ውሳኔ በሦስት ካርቦን እያባዛሁ እተይባለሁ።

ከቤታችን አጥር ጋር ተያይዞ የእትዬ በላይነሽ ቤት ነበር። እትዬ በላይነሽ ጥልፍ ጠላፊ ናቸው፤ የእሳቸውን ጥልፍ ሳትለብስ የተዳረች የሰፈር ሙሽራ አልነበረችም። አባትና እናታቸው ካረፉ በኋላ ባል ሳያገቡ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ኖሩ። ወንድማቸው ደምሴ ያን ጊዜ ወደ ሠላሳ የተጠጋ፣ መልከ መልካም፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ድረስ የሚቆልፍ ሰው ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ደምሴ ብዬ ጠራሁት፤ ቆም ብሎ መሬት መሬት እያየ፣ "ስሜ ደምሴ ነው። ጋሼ ደምሴ የሚባል ሰው አላውቅም" አለኝ። ከዚያ በኋላ ደምሴ፣ አንተም ብዬ ጠራሁት። እንደምን አደርክ ብለው ሲጠይቁት እግዜር ይመስገን ብሎ አያልፍም። "በግራ ጎኔ ተኛሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ነቃሁ። ከዚያ በቀኝ ጎኔ ተኛሁ" ይላል፣ ጠያቂው ጋሪ እየጠበቀ። የሰው ዓይን አያይም። ሰው በድንገት ሲነካው እሳት እንደነካው ይሸሻል፤ እጅ መጨበጥ እንኳ አይወድም። ከሁሉም በላይ ያስቸገረው ሲደነግጥ መሳቁ ነው። በፍርሃት ልቡ እየቆመ ፊቱ ይስቃል፣ ከት ከት ብሎ። ለቅሶ ቤት ሰው ሲጮህ ስቆ ስንቴ ተገፍትሮ ወጥቷል።

ሰፈሩ ነካ ያደረገው ነው ይል ነበር። ጸበል ወስደውት ቀዝቃዛው ውሃ ሲወርድበት ሲስቅ አጥማቂው ሰይጣኑ ነው የሚስቀው አሉ። እትዬ በላይነሽ ግን ሁለተኛ አልወሰዱትም። "ሰይጣን ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ይዋሸኝ ነበር" አሉ። እውነት ነው፣ ደምሴ አይዋሽም፤ አያውቅበትም። እሳቸው ደምሴን የያዙበት መንገድ አሁን ሳስበው ዛሬ ሐኪሞች የሚመክሩት ነው። ነገ የሚሆነውን ዛሬ ማታ ይነግሩታል። ዕቃ ከቦታው አያነሱም። እንግዳ ሲመጣ "ሦስት ሰዎች ይመጣሉ፣ ምሳ በልተው ይሄዳሉ፣ ካልፈለግህ ጓዳ ሁን" ይሉታል። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፤ እሱን እያዩ ነው የተማሩት።

የደምሴ ፍቅሩ ጓጉንቸር ነው። ዝገቱ የበላው፣ ቁልፉ የጠፋበት፣ ሰው የጣለው ጓጉንቸር ሁሉ እሱ ጋ አለ። መደርደሪያ ላይ ከትንሹ እስከ ትልቁ ደርድሮ፣ እያንዳንዱ በሆዱ ውስጥ ስንት ምላስ እንዳለው ያውቃል። ሞረድና ቀጭን ሽቦ ይዞ ጆሮውን ወደ ጓጉንቸሩ አስጠግቶ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ትንሽ ቆይቶ ጠቅ ይላል። ያኔ ብቻ ነው ፊቱ በእውነት የሚስቀው። ቁልፍ የጠፋበት ሰው ሁሉ እሱን ይጠራል፤ እሱም የሰጡትን ሳያይ ኪሱ ከቶ ይሄዳል።

ካሳሁን የመጣው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ሰፈራችን ክፍል ተከራየ። ቤልቦተም ሱሪ፣ ሹል ጫማ፣ ከንፈሩ ላይ ሲጋራ፣ ሲያወራ ሰው የሚያስቅ ጎረምሳ ነበር። ደምሴ ቤት እየተመላለሰ ስለ ጓጉንቸር ይጠይቃል። ማናችንም ያን ያህል ሰዓት ቁጭ ብለን ስለ ጓጉንቸር አዳምጠነው አናውቅም ነበር። ደምሴ እንደ አበባ ፈካ። "ካሳሁን ጓደኛዬ ነው" እያለ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ይናገራል፤ ሸሚዙን ይተኩሳል፤ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። እኔም ደስ አለኝ። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ጠራኝና፣ "ሙሉ፣ ካሳሁን ለእህትህ አትንገር አለኝ" አለኝ።

"ምኑን?" አልኩት።

"እሱንም አትናገር ብሏል።"

ሳቅኩ። ቢራ ሊያስጠጣው ነው፣ ወይም ከሆነች ልጅ ጋር ሊያስተዋውቀው ነው፣ እሰየው አልኩ በልቤ። "ወንዶች ስትባሉ!" ብዬው ወደ ቤት ገባሁ። ያን ቃል እስከ ዛሬ ስንቴ ልመልሰው ፈለግሁ። ሰውየው እኮ ሊጠይቀኝ ነበር የመጣው፤ ምን ላድርግ እያለኝ ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ነገሩን ኋላ ከሐጂ ሱሩርም ከደምሴም ሰምቼ ነው ያገጣጠምኩት። ሐጂ ሱሩር የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ፖፕሊን፣ አዲስ የመጣው ተትረን፣ ሁሉም ከእሳቸው ሱቅ ይገዛል። ዓርብ በስድስት ሰዓት ሱቁን ቆልፈው ለጁምዓ ወደ መስጊድ ይሄዳሉ፤ ይህን የማያውቅ የለም። ካሳሁን ደምሴን ይዞት መጣና፣ "ሐጂ ቁልፍ ጠፍቶባቸው መስጊድ ሆነው ልከውኛል፤ ክፈትልን፣ ዕቃ አውጣልኝ ብለውኛል" አለው። ደምሴ ከፈተ። ጋሪ ቆሞ ነበር፤ የጨርቁ ጥቅል ተጫነ፤ ካሳሁን "ለማንም ስሜን እንዳትጠራ፣ ጓደኛ የጓደኛውን ምስጢር ይጠብቃል" ብሎት ሄደ።

ደምሴስ? ደምሴ ሱቁን መልሶ ቆለፈና ደጁ ላይ ተቀመጠ። ባለቤት የሌለው ሱቅ ጥሎ መሄድ ትክክል አልመሰለውም። ሐጂ ከሰላት ሲመለሱ እዚያው አገኙት። ተነሥቶ፣ "ሐጂ፣ የጓጉንቸርዎ ሞላ ደክሟል። ስከፍተው አየሁት። ዘይት ይፈልጋል" አላቸው። ሐጂ ሱቁን ከፍተው መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ሲያዩ ጮኹ። ሰው ተሰበሰበ። የሚያውቁት ጎረቤቶቹ፣ ቁልፍ የከፈተላቸው ሰዎች፣ ዞረው ሌባ አሉት። ያዙት፣ ጎተቱት፣ በሁሉም አቅጣጫ እጅ ነካው። እሱም ሳቀ። በሳቁ ምክንያት ምን ያህል እንደተመታ እትዬ በላይነሽ ለብዙ ዓመት መናገር አይወዱም ነበር።

ጣቢያም ያው ሆነ። መርማሪው "ከፍተሃል?" ሲለው "አዎ" ይላል። "ማን ነበር ከአንተ ጋር?" ሲለው "አልናገርም ብያለሁ" ይላል። ዓይኔን እያየህ ተናገር ሲለው ግድግዳ ያያል። ጠረጴዛ ሲመታበት ይስቃል። ስንት ወንበዴ የመረመረው ሰው እንዲህ ያለ የተካነ ሌባ የቀረበለት መሰለው።

እኔ ቃሉን ያየሁት በሦስተኛው ቀን፣ መዝገቡ ለመተየብ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ነው። ስሙን ሳይ ካርቦኑን አስቀምጬ ቃሉን አነበብኩ። "ከግብረ አበሮቼ ጋር አስቀድሜ በመመሳጠር፣ የግል ተበዳይን ንብረት ለመውሰድ ሆን ብዬ በማሰብ" ይላል፤ ከሥሩ ደምሴ ፊደሉን አንድ በአንድ እንደሚለቅመው አድርጎ ፈርሟል። ጋሼ ደምሴ የሚባል ሰው አላውቅም ያለኝ ሰው ይህን ሊል? ምሳ ሰዓት ላይ ሳልበላ ቃሉን በብጣሽ ወረቀት ገልብጬ ጣቢያ ሄድኩ። እትዬ በላይነሽ ከጠዋት ጀምሮ ሰሃን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። እሱ ጥግ ላይ ተኮራምቶ ጣቶቹን እያሻሸ ነበር።

"ደምሴ፣ ይህን አንተ ነህ ያልከው?" ብዬ ቀስ ብዬ አነበብኩለት።

"እሳቸው አነበቡ። አይደለም እንዴ አሉኝ። አዎ ካልክ ትሄዳለህ አሉ። አዎ አልኩ" አለኝ። ከዚያ በሩን አየና፣ "አልሄድኩም" አለ። ተበሳጭቶ እንኳ አልነበረም፤ ሂሳቡ አልገጥም ያለው ሰው ድምፅ ነበር።

"ግብረ አበር ምንድን ነው?"

"አላውቅም። ጓጉንቸር አይደለም።"

እትዬ በላይነሽ አላለቀሱም። እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙና፣ "ሙሉ፣ አንቺ እዚያ ውስጥ ነሽ። እኔ ብናገር እህቱ ናት ይሉኛል። አንቺ ንገሪልኝ" አሉኝ። እኔ ግን ማን ነበርኩ? የሦስት ወር ተቀጣሪ ታይፒስት። ዳኛው ጠና ያሉ፣ ጥርብ ድንጋይ የመሰሉ ሰው ናቸው፤ በመንገድ ላይ ሳገኛቸው እንኳ ግድግዳ ተጠግቼ ነው የማልፈው። ለአባቴ ስነግረው "ሥራሽን ያሳጡሻል፣ ተይው" አለኝ። ሌሊቱን ያ "ወንዶች ስትባሉ" ያልኩት ነገር አላስተኛኝም። ካሳሁን ከሰፈር ጠፍቷል፤ ግን ስሙን እኔ ብጠራ ጥርጣሬ ነው ይሉኛል፣ ከደምሴ አፍ መውጣት አለበት። ጠዋት ቀሚሴን ቀይሬ፣ የእናቴን ረጅሙን ለብሼ፣ የዳኛውን በር አንኳኳሁ።

"ምንድን ነው?"

"ጌታዬ፣ ይህ ሰው ግብረ አበር የሚለውን ቃል አያውቀውም።"

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?"

"ማንም አልጠየቀኝም ጌታዬ። ጎረቤቴ ነው። ሌላ ሰው የጻፈውን ነው የፈረመው። የሚስቀው ሲፈራ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ በአንድ ጊዜ ቢጠየቅ እውነቱን ይናገራል፤ ውሸት አያውቅም።"

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከላያቸው የጃንሆይ ፎቶ ነበር፤ ሁለቱም የሚያዩኝ መሰለኝ። "ውጪ" አሉኝ። ወጣሁ። ከሥራ የሚያባርረኝ ደብዳቤ ይመጣል ብዬ ቀኑን ሙሉ በር በር ሳይ ዋልኩ፤ አልመጣም።

ችሎቱ ሰኞ ሆነ። ሐጂ ሱሩር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ነጭ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ደምሴን ሁለት ፖሊስ ይዘውት ገቡ፤ ፊቱ ላይ ያ የፍርሃት ሳቅ አለ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ዳኛው ጠረጴዛውን ሊመቱ እጃቸውን አንስተው ነበር፤ መልሰው ቀስ አድርገው አወረዱት። ፖሊሶቹን፣ "ልቀቁት፣ ራቅ በሉ" አሉ። ከዚያ እትዬ በላይነሽ ሳይጠሩ ተነሡ። "ጌታዬ፣ ግድግዳውን እያየ ይናገር፤ ያኔ ይሰማዎታል" አሉ። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የሐጂን ሱቅ ለምን ከፈትክ?"

"ቁልፍ ስለጠፋ።"

"የማን ቁልፍ?"

"የሐጂ።"

"ቁልፍ መጥፋቱን ማን ነገረህ?"

"አልናገርም ብያለሁ።"

"ለማን ነው አልናገርም ያልከው?"

"ለካሳሁን።"

ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ። ደምሴ ጆሮውን ደፈነ። ዳኛው አልሳቁም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ እስኪበርድ ዓይናቸውን አሹ። "ካሳሁን ማን ነው?" ሲሉት፣ "ጓደኛዬ ነው" አለ። "ጓደኛህ ለምን አብሮህ አልታሰረም?" ሲሉት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከግድግዳው ዞሮ በተቀመጠው ሰው መሃል ካሳሁንን ፈለገ።  እኔ አልቻልኩም፤ ታይፔ ላይ አቀርቅሬ አለቀስኩ።

ያኔ ነው ሐጂ ሱሩር የተነሡት። "ክቡር ዳኛ፣ እኔ ነኝ መጀመሪያ የጮህኩበት። ነገሩን አሥር ቀን ሳስበው ነው የከረምኩት። የሰረቀ ሰው ሱቅ ቆልፎ ደጅ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል? ጓጉንቸርዎ ዘይት ይፈልጋል ይለኛል? እኔ ዋስ እሆነዋለሁ" አሉ። የተበደለ ሰው ለተከሳሽ ዋስ ሲሆን ያን ቀን አየሁ። ካሳሁን ከሳምንት በኋላ ከአየር ጤና ወዲያ ጨርቅ ሲሸጥ ተያዘ፤ ሌሎች ሁለት ሰፈሮች ላይም እንዲሁ የዋህ ሰው ፈልጎ መስረቁ ወጣ። ደምሴ ክሱ ተነሣለት።

ነገር ግን የወጣው ደምሴ የገባው ደምሴ አልነበረም። ጓጉንቸሮቹን በጆንያ ሞልቶ ጓዳ ከተታቸው። ከአልጋው አይነሣም፤ በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ይገባል። እትዬ በላይነሽ ክር ጨርሰው እንኳ ገበያ መሄድ ፈሩ። ሐጂ ሱሩር በየቀኑ ከአሥር ሰዓት ሰላት በኋላ እየመጡ በር ላይ በርጩማ ይዘው ይቀመጣሉ፤ አያናግሩትም። በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ ያንኑ የሱቃቸውን ጓጉንቸር አምጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ሄዱ። በማግስቱ ሲመጡ፣ ያን ዕለት እኔም እዚያ ነበርኩ፣ ጓጉንቸሩ ተፈትቶ፣ ሞላው ተቀይሮ፣ ዘይት ተቀብቶ ቁጭ ብሏል። ደምሴም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ፣ "ሐጂ" አለ፣ "ካሳሁን ጓደኛዬ ነበር?"

ሐጂ እኔንና እትዬን አዩ። "አልነበረም" አሉ።

"በምን ይታወቃል?"

 ሰው ሁሉ የሚያውቀው የሚመስለንን ነገር ለካ ማንም ነግሮት አያውቅም። በምን ይታወቃል? ሐጂ ጢማቸውን እያሹ፣ "ለእህትህ አትንገር የሚል ሰው ጓደኛ አይደለም" አሉት። ደምሴ ከመጋረጃው ወጣ። "እሱ ብቻ ነው?" አለ። "ሌላም አለ" አሉት። "ጻፉልኝ" አለ።

ጻፍንለት። እኔ የፍርድ ቤቱን ታይፕ ተጠቅሜ በወፍራም ወረቀት ላይ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር። ባለቤቱ ራሱ ቆሞ ካላየሁ አልከፍትም፣ አትንገር ከተባልኩ ያን ዕለት ለበላይነሽ እነግራለሁ፣ ያልገባኝ ወረቀት ላይ አልፈርምም፣ እያለ የሚሄድ ነው። ሌላ ትንሽ ወረቀት ደግሞ ለኪሱ አደረግንለት፤ ይህ ሰው ሲፈራ ይስቃል፣ አይጎተት፣ እህቱ ትጠራ የሚል፤ የሐጂ ሱሩር ማኅተም ከሥሩ ተመታበት። ሐጂ ከዚያ ይዘውት ጣቢያ ሄዱ፤ በእሳቸው ሱቅ ጎን በቆርቆሮ የቁልፍ መሥሪያ ክፍል እንደሠሩለት ለፖሊሶቹ ነገሩ፤ "እዩት፣ እወቁት" አሉ። ከመርማሪዎቹ አንዱ፣ ያ ጠረጴዛ የመታበት ሰው፣ አፍሮ ነው መሰለኝ ደምሴን ደስ ሊያሰኝ የተዘጋ መሳቢያ አሳየውና ክፈትልን አለው።

"ባለቤቱ ማነው?" አለ ደምሴ።

"የመንግሥት ነው።"

"መንግሥት ይምጣ።"

ፖሊሶቹ ወንበር ላይ እስኪወድቁ ሳቁ። ያ ቃል ለወራት በኮልፌ ዞረ፤ ሰው ሁሉ ያልፈለገውን ነገር ሲጠይቁት "መንግሥት ይምጣ" ይል ጀመር፤ ዘመኑ ዘመን ነበርና አንዳንዱ ግራ ቀኝ አይቶ ነው የሚለው። ደምሴ ግን ምን እንደሚያስቅ እስከ መጨረሻው አልገባውም።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ተለወጠ ብል ውሸት ነው፤ ሰዎች ተለወጡ። ለቅሶ ቤት ሲመጣ ፈንጠር ያለ ቦታ ያስቀምጡታል። ሲስቅ የሚያውቀው ሰው ለማያውቀው "ደንግጦ ነው" ይላል። እኔ ራሴ ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ወደ አጥሬ መጥቶ ግራ የገባው ነገር ሲነግረኝ ሳልስቅ፣ ደጋግሜ እየጠየቅኩ እሰማለሁ። ልጆቼን እንዲህ ነው ያሳደግኳቸው፤ አሁን የልጅ ልጆቼ "እማማ መርማሪ" ይሉኛል።

እትዬ በላይነሽ ያረፉት ወታደራዊው መንግሥት ከመውደቁ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሕመሙ አልቆየባቸውም። የሚያስጨንቃቸው እሱ ብቻ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ጠርተውት፣ "ደምሴ፣ ብቻህን በር ዘግተህ እንዳትኖር። የሚያውቁህ ሰዎች መግባት አለባቸው" አሉት። እሱም ተቀበለ። ከቀብሩ በኋላ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶት ተገኘ፤ ነፋስና ዝናብ፣ የጎረቤት ዶሮ ሳይቀር እየገባ። "ምነው ደምሴ?" ስለው፣ "የሚያውቁኝ ሰዎች እንዲገቡ" አለኝ። "የማያውቁህም ይገባሉ እኮ" አልኩት። አሰበበት። ሁለት ቀን ከሱቁ አልወጣም። በሦስተኛው ቀን በየቤቱ ዞሮ አምስት ቁልፍ አደለ፤ ለእናቴ፣ ለሐጂ ሱሩር፣ ለጉልት ቸርቻሪዋ፣ ለዕድሩ ጸሐፊ፣ አንድ ደግሞ ለእኔ። ሞርዶ ለእያንዳንዳችን የቀረጸው ነው፤ ጫፉ እጅ እንዳይቆርጥ ለስልሷል። "ስታንኳኪ ካልመለስኩ ግቢ" አለኝ መሬት እያየ።

የእኔን ሁለት ጊዜ ነው የተጠቀምኩበት። መጀመሪያ ብርቱ ጉንፋን ይዞት ሲተኛ፤ ሾርባ አድርሼለት ወጣሁ፣ ተሽሎትም ብዙ ዓመት ሠራ፤ የኮልፌ ሰው ግማሹ በሩን የሚዘጋው ደምሴ በቀረጸው ቁልፍ ነበር። ሁለተኛው አንድ የጥቅምት ጠዋት ነው። አንኳኳሁ፣ አልመለሰም። ከፍቼ ገባሁ። ሐጂ ሱሩር ከእኔ ቀድመው በራሳቸው ቁልፍ ገብተው ነበር። በጣም አርጅተዋል፤ ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው፣ ከአልጋው ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ደምሴ እስከ አገጩ ጋቢ ለብሶ ተኝቷል፤ የሸሚዙ አንገት እንደ ተቆለፈ ነው።

"ከንጋት ሰላት ስመለስ ሲያቃስት ሰምቼ ገባሁ" አሉኝ። "ሲያርፍ ብቻውን አልነበረም፣ ሙሉ። እጁን ግን አልያዝኩትም፤ አይወድም። ዝም ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።"